አርባኛው ትርጉም

ጥር ሌላው አገር ብርድ ልብስ የሚደርብበት ወር ነው። በ1974ቱ ጥር ግን ድሬዳዋ ላይ የወረደው ሙቀት ሐዲዱን እንደ ማካሮኒ ስላለሰለሰው፣ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ለገሃሬ ጣቢያ የገባው ወገቡን እየሰበቀ ነበር። ይህን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከእነሱ አንዱ ዲሪር ነው።

ዲሪር የምድር ባቡር መካኒክ ነው። ያኔ ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ እጁ የነካው ብረት ሁሉ የሚታዘዝለት። አንድ ጊዜ የሞተ ሎኮሞቲቭ በሽቦና በምራቅ ብቻ አስነሥቶ እስከ ኤረር ወስዶታል። በሽቦው ማንም አይከራከርም፤ ክርክሩ ምራቁ ላይ ነው። ይህ ሰው የማያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «አላውቅም» ማለት።

አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር፣ ከፊት ለፊቱ ከምትመጣ ልጅ ደብተር ውስጥ ነፋስ አንድ ወረቀት መነጨቀ። ወረቀቱ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደ። ዲሪርም ተከትሎት ወረደ። ድልድዩ ከፍታው ሰባት ፎቅ ያህላል፤ እሱ ግን እንደ ደረጃ ነው የዘለለው። አሸዋው ላይ የተንበረከኩትን ግመሎች አልፎ፣ ወረቀቱን ከአንዲት ፍየል አፍ አስጥሎ ተመለሰ።

«ዳሯን በልታታለች» አለ እያለከለከ። «ፊደሉን ግን አልነካችውም።»

ልጅቱ ሳቀች። ከሻሿ ባመለጠው ፀጉሯ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጥጥ ብናኝ ተቀምጧል። ድሬዳዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ በረዶ ዘንቦባት አያውቅም፤ እዚያች ግንባር ላይ ብቻ ዘንቧል። ዲሪር ወረቀቱን መስጠት ረሳ።

«ማንበብ ትችላለህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ፈረንጅኛውን ነዋ። የምድር ባቡር ሰው አይደለህ?»

ለድሬዳዋ ሰው ፈረንጅኛ አንድ ነው። ምድር ባቡር የሠራ ሁሉ ፈረንጅኛ ያውቃል፤ የቱን ፈረንጅኛ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ዲሪር ያለው ከድሮዎቹ አለቆች የወረሰው የፈረንሳይኛ የመፍቻ፣ የቡሎንና የፍሬን ስም ነው። ከእንግሊዝኛ ጋር ግን ሰላምታም የለውም።

«እንደ ውሃ ነው የምጠጣው» አላት።

ወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተከብባለች። ዲሪር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ በቡሎን ስም የለመደውን የፈረንሳይኛ ንባብ አወጣላት። «ታክ።»

«ታክ?»

«ታክ። የጥንቶቹ እንግሊዞች እንደዚህ ነው የሚሉት።»

ልጅቱ አየችው። ረጅም አስተያየት ነበር፤ አንድ የጭነት ባቡር ከነፉርጎው ያልፍበታል። ዲሪር አድናቆት ነው ብሎ ተረጎመው።

«ቲቸር አየነው ቴክ ነው የሚሉት» አለች በመጨረሻ። ስሟ ቱሪያ ነው። ቀን ፋብሪካ ትሠራለች፣ ማታ ከዚራ ሰፈር ሄዳ ትማራለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን መልቀቂያ ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትና፣ ሁለቱንም ጊዜ እንግሊዝኛው ጥሏታል። «ውሰድ ማለት ነው ተብለን ተማርን። አምና ፈተናው ላይ የአንድ ሰውዬ ታሪክ መጣ። ጠዋት ተነሥቶ ሻይ ወሰደ። አውቶቡስ ወሰደ። መድኃኒት ወሰደ፣ ፎቶግራፍ ወሰደ፣ ከሰዓት በኋላ ፈተና ወሰደ።»

«ሌባ» አለ ዲሪር።

«እኔም ሌባ ብዬ ነው የመረጥኩት። ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው ነው ሲል ሌባ። ምን ቢደረግ ይሻላል ሲል ይታሰር። አምስቱንም ጥያቄ አሳሰርኩት። ለካ ምስኪኑ ሻዩን ጠጥቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ነው የሄደው።»

«ሥራው ያውጣው።»

«እንግዲህ አንተ ካወቅክ ንገረኝ። ይቺ ቃል ስንት ትርጉም አላት?»

የዲሪር አፍ ከጭንቅላቱ ሁልጊዜ አንድ ፌርማታ ይቀድማል። «አርባ» አለ።

«አርባ?»

«የታወቁት ብቻ። በቀን አንድ አንድ እሰጥሻለሁ።»

እንደዚያ ሆነ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ ተገናኝተው እስከ ማታ ትምህርት ቤቱ በር አብረው ሊሄዱ፣ በዚያች መንገድ አንዲት ትርጉም ሊቀባበሉ ተስማሙ።

በማግሥቱ ደግሞ የባሰ ወሬ ሰማ። የቱሪያ አባት ሊበን ጋሪ ነጂ ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉ፣ ልጃቸው አስተማሪ ሆና ለማየት የተሳሉ ሰው ናቸው። «ቱሪያ ፈተናውን ሳታልፍ ሽማግሌ ደጄን ቢረግጥ ፈረሱን እለቅበታለሁ» ብለው በሰው ፊት ምለዋል። ፈረሱ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ሁለት ፔጆ ታክሲ በእርግጫ ጋራዥ ያስገባ ነው።

ዲሪር ወሬውን ሰምቶ ቁጭ አለ። ልጅቱን የሚያገኘው እንግሊዝኛውን ካለፈች ነው። እንግሊዝኛውን የሚያስተምራት ደግሞ እሱ ነው።

ቀፊራ ገበያ ውስጥ፣ ከበርበሬ ተራው ጀርባ፣ አሮጌ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚሸጡ አብዲቃድር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አደን ወደብ ላይ፣ በእንግሊዝ መርከብ ወጥ ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሽንኩርት ከትፈዋል። የከተፉት ሽንኩርት ቢደረደር ቦምቤይ ደርሶ ይመለሳል። እንግሊዝ አደንን ለቆ ሲወጣ ይዘው የመጡት የነሐስ የመርከብ ሰዓት ግን እንደ ቆመ ነው።

«ዋርያ፣ ምድር ባቡር» አሉት ሲያዩት። «ቁልፍ ጠፋብህ?»

«ትርጉም ነው የጠፋብኝ፣ አዴር» አላቸው፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው። ሁሉንም ነገራቸው። የተናገረውን ውሸት ሳይቀር።

ሽማግሌው ጫታቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አርባ ብለሃት ነው? ወላሂ ደፋር ነህ። እኔ መርከብ ላይ የሰማሁትን ባራግፍ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ይሆናል።»

«አሟሉልኝ። ምን ልክፈልዎት?»

ሽማግሌው የቆመውን ሰዓት ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። «ጥርሱ የተበላ መዘውር አለው። አንድ ጥርስ ሞርደህ ስታመጣ አንድ ትርጉም ትወስዳለህ። ኸላስ፣ በቃ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲሪር በምሳ ሰዓቱ የሰዓት ጥርስ ሲሞርድ ይውላል፣ ከሥራ በፊት ማለዳ ቀፊራ ደርሶ ትርጉሙን ይቀበላል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ ያደርሳል። እንደዚያ የተመላለሰ ፖስተኛ በኢትዮጵያ ታሪክ የለም።

«ዛሬ» ይላታል፣ «መፍጀት ነው። መርከቡ ቦምቤይ ለመድረስ ሰባት ቀን ቴክ።»

ቱሪያ እየሄደች ትጽፋለች።

«ዛሬ ማውለቅ ነው። ካፒቴኑ ቆቡን ቴክ፤ ጫፉ ላይ ኦፍ የምትባል ጭራ አለችው።»

«ዛሬ አባትን መምሰል ነው። የካፒቴኑ ልጅ አፍንጫው ቁርጥ አባቱን ነው፤ የዚህኛው ጭራ አፍተር ናት።»

«ይሄ ካፒቴን አግብቷል ማለት ነው?» አለች ቱሪያ ዓይኗን ከደብተሯ ሳታነሣ።

«ልጅ ካለው አግብቷል።»

«ሚስቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሣሃትም። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ሻይ ሲጠጣ፣ ገመድ ሲይዝ፣ መድኃኒት ሲውጥ ነው የሰነበተው። ማን ነው የሚያስበው እሱን?»

«ባሕር ላይ ነዋ ያለው።»

«ያሳዝናል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። የአስፋልቱ ሙቀት፣ የጋሪው ጩኸት፣ ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ሽታ፣ ሁሉም ለአፍታ ወደ ዳር ቆመ። እንደዚያ እንዳሉ ትምህርት ቤቱ በር ደረሱ።

የካቲት ሲያልቅ ሃያ ሦስት ደርሰው ነበር። አንድ ቀን ቱሪያ፣ «ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ቃል ላይ መጫን ግፍ አይደለም?» አለች።

«እኛስ? "በላ" ላይ ያልጫንነው ምን አለ?» አለ ዲሪር። «እሳት ቤት ይበላል። ፀሐይ ቀለም ትበላለች። ዝገት ብረት ይበላል።»

«ሰውም ቃሉን ይበላል» አለች ቱሪያ። ዓይኗ ከዓይኑ አልተነሣም።

ዲሪር ያን ዕለት እራቱን አልበላም።

ከዚያ ወዲያ የሽማግሌው ትዝታ እየነጠፈ አንዲት ትርጉም ሁለት ሦስት ቀን ትፈጅ ጀመር፤ እንደምንም፣ በሞረዱ ብርታት፣ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ደረሱ። ፈተናው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ዲሪር የመጨረሻዋን ጥርስ ይዞ ቀፊራ ሲደርስ የአብዲቃድር ሱቅ ተቆልፏል። ሰውየው አይሻ ከተማ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ሄደዋል፤ የሚመለሱት እሑድ በባቡር ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቱሪያ ድልድዩ ላይ ቆማ ነበር። ደብተሯን ከፍታ፣ አርባ ቁጥርን ጽፋ ከብባ።

የዲሪር አፍ አሁንም አንድ ፌርማታ ቀደመው። «መጠበቅ» አለ።

«ምን?»

«ሰውን መጠበቅ። አይ ቴክ ዩ፤ እጠብቅሻለሁ።»

«ምሳሌ ስጠኝ።»

ዲሪር መርከብ ፈለገ፤ አንድም አልመጣለትም። «ዲሪር በየቀኑ ድልድዩ ላይ ቱሪያን ይጠብቃል» አለ።

ቱሪያ ቀስ ብላ ጻፈች። «በዚህኛው ውስጥ መርከብ የለም» አለች።

«የለም።»

«ይሄኛው ደስ ይላል» ብላ ደብተሯን ዘጋች።

ያን ሌሊት ዲሪር እንቅልፍ አጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ለገሃሬ ጣቢያ ሄዶ አብዲቃድርን ገና ከባቡሩ ሳይወርዱ ያዛቸው።

«አዴር፣ ቴክ መጠበቅ የሚል ትርጉም አለው?»

ሽማግሌው ዕቃቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። «የለውም። እንግሊዝ ማንን ይጠብቃል? መርከቡ ሰዓቱ ሲደርስ ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሲጠብቁ አላየሁም።»

«ፈተናው ላይ ከምርጫዎቹ መካከል ብትመጣስ?»

«የሚያወጡት ሰዎች ተንኮለኛ ናቸው፤ ልትመጣ ትችላለች። ቱሪያህም ትመርጣታለች። አንተ ነህ ያስተማርካት።»

ዲሪር ወደ ደቻቱ ሮጠ። በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከባቡር ጋር ወደ ኤረር ይወጣል፤ ቱሪያ ወደ ፈተናው የምትገባው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ካልነገራት ዛሬ፣ ሌላ ጊዜ የለም።

ድልድዩ ግን ተዘግቷል። ደንገጎ ተራራ ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ደቻቱ ሞልቷል። ጎርፉ ዛፍ ከነሥሩ፣ በርሜል፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ከነዶሮዎቹ ይዞ ይምዘገዘጋል። አባይ ይህን ቢያይ አንገቱን ይደፋል። ፖሊስ ገመድ ዘርግቷል፣ ከተማው በሙሉ ለማየት ወጥቷል፤ ግማሹ ከዚህ ወዲህ፣ ግማሹ ከዚያ ወዲያ። በወዲያኛው ዳር፣ ከአባቷ ጋሪ አጠገብ፣ ቱሪያ ቆማለች።

ዲሪር ጠራት። ድምፁን ጎርፉ ዋጠው። ደግሞ ጠራት።

«ጉሮሮህን ከምትበጥስ ለእኔ ንገረኝ» አለችው አጠገቡ የቆመች ሴት። ፋዱማ ናት፣ ጫት ሻጯ። ድምጿ የቀበሌ ስብሰባ ያለ ማይክራፎን ይበትናል። «ምን ልበልልህ?»

«አርባኛው ውሸት ነው በያት።»

ፋዱማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አርባኛው ውሸት ነው ይላል።»

ጎርፉ ራሱ ለአፍታ ያዳመጠ መሰለ። ከወዲያኛው ዳር ቱሪያ ዓይኗን አጥብባ አየች። የእሷ ድምፅ እንደማይደርስ ስላወቀች ወደ አባቷ ዞረች። ሊበን ሠላሳ ዓመት በፈረስ ላይ የጮኹ ሰው ናቸው።

«ምን አርባኛ?» አሉ ሊበን ከወዲያ። «ማን ሞቶ ነው?»

«እንግሊዝኛ አያውቅም በያቸው» አለ ዲሪር።

«ማን ነው የማያውቀው?» አለች ፋዱማ።

«እኔ።»

ፋዱማ አየችው። «ዋርያ፣ ድሬዳዋ ሙሉ ቆሞ እየሰማ ነው። አስበህበታል?»

ዲሪር ዳር ላይ የቆሙትን ሰዎች አየ። የመንደሩ ሰው አለ፣ የፋብሪካው ሰው አለ፣ የጥገና ክፍሉ አለቃ ወልደማርያም ከነቤተሰባቸው አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የገነባው ስም እዚያች ዳር ላይ ተሰብስቧል። «አስቤበታለሁ» አለ። «ጨርሽው።»

ፋዱማ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በሶማልኛ፣ አንድም ሰው እንዳይቀርባት ደግሞ በኦሮምኛ ለቀቀችው። «ዲሪር እንግሊዝኛ አያውቅም። አርባኛውን ከራሱ ነው የፈጠረው። ነገ ፈተና ላይ እንዳትመርጫት ይላል።»

ወልደማርያም ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እኛስ» አሉ ለሚስታቸው፣ «የማሽኑን መጽሐፍ ይህን ሁሉ ዓመት ያስነበብነው ማንን ነው?»

በወዲያኛው ዳር ቱሪያ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ሊበን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደረታቸውን ነፉ።

«አውቃለሁ ትላለች።»

«ከመቼ ጀምሮ በያት» አለ ዲሪር።

ፋዱማ ጠየቀች። መልሱ መጣ። «ከመጀመሪያው ቀን ትላለች። ታክ ያልክ ዕለት ነው ትላለች። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ያህል መርከብ የአብዲቃድር አፍ ውስጥ ካልሆነ የት ይገኛል ትላለች።»

ሁለቱም ዳር ሳቀ። ዲሪር መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው ተመኘ፤ ያን ዕለት መሬቱ ውሃ ሞልቶበት ቦታ አልነበረውም።

ሊበን ግን ነገሩ አሁን ነው የገባቸው። የልጃቸውን ፊት አዩ፤ በጎርፉ ማዶ የቆመውን ጎረምሳ አዩ። «አንተ» አሉ፣ አሁን በራሳቸው ስም፣ «ለልጄ ምኗ ነህ?»

ፋዱማ ዲሪርን አልጠየቀችውም። «ይወዳታል» አለች፤ በሦስቱም ቋንቋ።

ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ሊበን ልጓሙን ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ ቱሪያ መሬት መሬት ታያለች፤ ፈገግታዋ ግን ከዚህ ማዶ ይታይ ነበር።

«ከፈተናው በኋላ» አሉ ሊበን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎርፉ ጎደለ፣ ገመዱም ተነሣ። ቱሪያና ዲሪር ድልድዩ መሐል ተገናኙ፤ ሊበን ጋሪያቸው ላይ ሆነው ወደ ሌላ ቦታ የሚያዩ መስለው ያዩ ነበር።

«ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«እስካሁን እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሁሉ ያውቁ ነበር» አለች። «ሳያውቅ ለእኔ ብሎ ፍለጋ የወጣ አንተ ብቻ ነህ። ልከልክልህ?»

ዲሪር የድልድዩን አጥር ጭቃ በእጁ ጠረገ።

«የሰጠኸኝን እያንዳንዱን ለቲቸር አየነው አሳይቻለሁ» አለች። «ሠላሳ ዘጠኙ ትክክል ነው ብለዋል።»

«አርባኛዋን ሰርዢያት።»

«አልሰርዛትም።»

«ቱሪያ፣ ነገ ብትመርጫት...»

«አልመርጣትም። እሷ የፈተና አይደለችም» አለችና ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ አባቷ ጋሪ ሄደች።

ውጤቱ ክረምቱ ላይ ወጣ። ቱሪያ አለፈች፤ ሐረር የአስተማሪዎች ማሠልጠኛም ተቀበላት። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት አብዲቃድርና ወልደማርያም ናቸው። አብዲቃድር የመርከባቸውን ሰዓት በጨርቅ ጠቅልለው ለሙሽሪት ይዘው ነበር፤ በዲሪር ሞረድ አርባ ጥርስ አብቅሎ ይሠራል፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ ይቀድማል።

ሊበን ፈረሱን አስረው ተቀበሏቸው። ዲሪርን አስጠርተው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ምን ታውቃለህ?» አሉት።

«ብረት አውቃለሁ። ሌላውን ብዙውን አላውቅም» አለ ዲሪር።

ሊበን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ይሄ ልጅ ተምሯል» አሉ።

ኒካው ታሰረ፣ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት የተበላው ጣፋጭ፣ ሙሸበክ፣ በከተማው ስኳር አስወደደ። ከዚያ ቱሪያ ሐረር ገባች። ሃምሳ አምስት ኪሎሜትር ነው፤ ለዲሪር ግን ቦምቤይ ነበር። በየሳምንቱ በአውቶቡስ ሹፌሮች እጅ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ መጨረሻው ላይ፣ ስሟ ከሚጻፍበት በላይ፣ ሁልጊዜ ሁለት ቃል አለ፤ «ቴክ ዩ።» እሱም ይህንኑ ጽፎ ይመልሳል። ደብዳቤውን ዘወትር የሚቀበሉት ሹፌር ለእንግሊዝኛ አዋቂ አሳይተው «ምንም ትርጉም የለውም» ተብለዋል።

ዛሬ ቱሪያ ከዚራ ታስተምራለች። ያቺ ቃል ስትደርስ ሰሌዳው ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ትርጉም ጽፋ ታቆማለች። አንድ ቀን አንድ ጎበዝ ተማሪ «አርባ አይሞላም ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት በመስኮቱ ወደ ደቻቱ በኩል አየች።

አሥራ አንድ ሰዓት እየቀረበ ነበር። ድልድዩ ላይ፣ የመካኒክ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው የብረቱን አጥር ተደግፎ ቆሟል። ሃያ ደቂቃ ቀድሞ የመጣው በዚያ የመርከብ ሰዓት የተነሣ ነው።

«ይሞላል» አለችው፣ ጠመኔዋን እያስቀመጠች።